ቀበቶ ያልደረሳቸው

ጋሽ ጉታ የፀዲን እግር ሐሙስ ቀን እንደሚሰብር የሰማሁት ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የእኛን ክፍል ከእሱ ክፍል የሚለየው ግድግዳ የጣውላ ስለነበር፣ ጆሮ ላለው ሰው ግድግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። እኔን ተኝታለች ብለው ነው የሚያወሩት። ጅቡቲ ውስጥ በዚያ ሙቀት በቀትር የሚተኛ ልጅ እኔ እስካሁን አላየሁም፤ ትልቁ ሰው ይተኛል፣ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«እግሯን ነው የምሰብረው» አለ ጋሽ ጉታ። «እጇ ከሆነ ይወስዳታል። መንገዱ የእግር ነው።»

«ትጮሃለች?» አለች እናቴ።

«መጮህማ አለባት። ሰፈሩ በሙሉ እስኪሰማ።»

«እንግዲያው በደንብ አድርገው፣ ጉታ። ግማሽ ነገር ከሆነ የባሰ ነው የሚመጣው።»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ብቻ ሰብሪና እንዳትሰማ» ስትል ግን ሰማኋት። ሰብሪና እኔ ነኝ።

ግቢያችን ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር፤ አምስት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቴሌቪዥን። ግቢውም ቧንቧውም ቴሌቪዥኑም የማማ ዓዚዛ ነው። ማማ ዓዚዛ የአገሩ ተወላጅ ሶማሌ ናት፤ አማርኛውን ከተከራዮቿ ነው የለቀመችው። እናቴ ሩቅያ ፈረንሳዮች ቤት ልብስ ታጥብና ትተኩስ ነበር፣ ጠዋት ሄዳ ቀትር ላይ ትመለሳለች። ጋሽ ጉታ የድሬዳዋ ሰው ነው። ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል። በራችንን በጎኑ ካልሆነ መግባት አይችልም ነበር። ከወደብ ሲመለስ ዳቦ ይዞልን ይመጣል፣ እናቴም «ምን አስቸገረህ» እያለች ትቀበለዋለች። በየቀኑ ትላለች፣ በየቀኑም ትቀበለዋለች።

ያን ጊዜ በዓለም ላይ ከጋሽ ጉታ የምወደው ሰው አልነበረም። የምወደውም በካች ምክንያት ነው። ካች ጅቡቲዎች ከፈረንሳይኛ የወሰዱት ስም ነው፤ አገር ቤት ሬስሊንግ የሚባለውን ማለታቸው ነው። ጋሽ ጉታ የተጫጫሩ ዲስኮች ነበሩት፤ ማማ ዓዚዛ ጫቷን ይዛ ስትቀመጥ አጠገቧ ተደርድረን እናያለን። ታዲያ እሱ ሁሉም ሰው የሚጨፍርላቸውን ሻምፒዮኖች አይወድም ነበር።

«ቀበቶ የያዘውን ማንም ያውቀዋል አቦ» ይላል። «የእኔዎቹ ቀበቶ ያልደረሳቸው ናቸው።»

በጣቱ እየቆጠረ ስማቸውን ያስጠናኛል። ጉርድ ቀሚስ አገልድሞ፣ አፉን ከፍቶ አገሩን ሁሉ እየሰደበ የሚገባው ሮዲ ፓይፐር። ዘንዶ በከረጢት ይዞ የሚመጣው ጄክ ሮበርትስ። የጥርስ መጎርጎሪያ በአፉ ይዞ የሚንጎማለለው ስኮት ሆል። ከሁሉም ቀልጣፋው ኦወን ሃርት። ሁሉም ታላላቅ ናቸው፣ አንዳቸውም ዋናውን የዓለም ቀበቶ ወገባቸው ላይ አላሰሩም። ለእኔ ይሄ የማይቻል ግፍ ነበር። ማታ ስተኛ ለፓይፐር ዱዓ አደርግለት ነበር፤ አንዴ እንኳ እንዲያሸንፍ።

«ዋርያ ጉታ» ትለዋለች ማማ ዓዚዛ፣ «ቀበቶ ከሌለው ምኑ ነው ትልቅ?»

«ሰው የሚያጨበጭበው ለጣለው ነው ማማ ዓዚዛ። የወደቀው ሰውዬ አወዳደቁን ካላሳመረው ግን የጣለው ሰው ጉልበት ከየት ይታያል? ሥራው ያለው እዚያ ነው። እነዚህ ሥራ የሚያውቁ ናቸው።»

ይሄ ለእኔ ምንም ማለት አልነበረም። ምቱን ሁሉ እውነት ነው ብዬ ነው የማየው። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ልጆች ካች ውሸት ነው ብለው አስለቅሰውኝ መጣሁና ጠየቅኩት።

«ጋሽ ጉታ፣ እውነት ነው አይደል?»

ብዙ አየኝ። «አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«እውነት ነው።»

«እውነት ነው እንግዲያው» አለኝ፣ ፀጉሬን እያሻሸ። በሕይወቴ ከተዋሸልኝ ውሸት ሁሉ ደጉ ይሄ ነበር። ኋላ የደረሰበት ነገር ሁሉ ግን ከዚህ ነው የጀመረው።

ዓርብ ዓርብ የወደብ ልጆች በደረቀው የአምቡሊ ወንዝ አሸዋ ላይ የራሳቸውን ካች ይጫወቱ ነበር። ክፉው ሰውዬ ሁልጊዜ ጋሽ ጉታ ነው። ተመልካቹን ይሰድባል፣ ባላጋራውን ከኋላ ይመታል፣ ዓይኑ ላይ አሸዋ ይበትናል። በመጨረሻ አንድ ከሲታ ልጅ ያነሳውና ይጥለዋል። ጋሽ ጉታ ሲወድቅ መሬቱ ጓ ይላል። ሰው በደስታ ያብዳል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ እጁን ዘርግቶ መዳፉን መሬት ላይ እንዴት እንደሚያሳርፍ ያሳየኛል። «ሕመሙ በመዳፍ በኩል ይወጣል» ይለኛል። መዳፉ ለሕመም ሳይሆን ጓ ለሚለው ድምፅ እንደሆነ፣ ያ ከሲታ ልጅም መቶ ኪሎ ሰው ያነሳው ሰውየው ራሱ ስለዘለለለት እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ፀዲ የዚያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከወልድያ በኩል ከስድስት ጓደኞቿ ጋር በደላላ መጥታ፣ ባሕሩን ተሻግራ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ነበር። ጓደኞቿ ሲሄዱ እሷን ትኩሳት ያዛት፣ እናቴም አዝናላት ምንጣፍ ዘርግታ ከእኛ ጋር አስተኛቻት። ደላላው ሙጠሊብ ይባላል። ሽቶ ይቀባል፣ ነጭ መኪና ይነዳል። ለልጆች ብስኩት ያመጣል። እኔን ለብቻዬ ይጠራኝና «የእኔ ቆንጆ፣ ፀዲ ምን ትላለች? በደንብ ትበላለች? ከማን ጋር ታወራለች?» ይለኛል። እኔም ብስኩቴን እየበላሁ የማውቀውን ሁሉ እነግረዋለሁ። ቤት ውስጥ ምስጢር የተደበቀብኝ ለምን እንደሆነ ዛሬ ስጠይቅ መልሱ ያ ብስኩት ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ለፀዲ ስልክ ተደወለላት። ማዶ ያለችው ከስድስቱ አንዷ ናት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ ፀዲ ስልኩን ይዛ መሬት ላይ ስትቀመጥ ነው ያየሁት። «አልሄድም» አለች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልነበራትም። ሙጠሊብ ግን እሺ የሚል ሰው አልነበረም። ከቤት ያወጣት እሱ ነው፣ ማዶ የሚቀበላት ሰው አለ፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ብዙ ነው፤ ለፖሊስ አንድ ቃል ከተናገረ ሁላችንም ተለቅመን እንወጣለን። «ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ መኪና አመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

ይሄን ሁሉ ዛሬ ነው በቅደም ተከተል የማውቀው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋሽ ጉታ ሐሙስ ዕለት የፀዲን እግር ይሰብራል፣ እናቴም በደንብ ስበረው ብላዋለች።

ረቡዕ ምግብ አልወርድ አለኝ። ትምህርት ቤት ሄጄ ምን እንደተማርን አላውቅም። ለእናቴ እንዳልነግር እሷ ራሷ አለችበት። ስመለስ ከጓሮ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ። ጋሽ ጉታ የቲማቲም ሳጥን ፈታቶ ጣውላዎቹን ደርድሯል። አንዱን ያነሳል፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሰብራል፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ቀጭ። አልወደደውም፣ ይጥለዋል። ሌላ ያነሳል። ቀጭ። አራተኛው ወፈር ያለና የደረቀ ነበር፤ እሱ ሲሰበር ጋሽ ጉታ ፈገግ አለ። እንደዚያ ያለ ሌላ ጣውላ ፈልጎ ሳይሰብረው ለብቻው አስቀመጠው። በአጥንቷ ላይ ሊያደርገው ያለውን እየተለማመደ ነው አልኩ። ለካ ድምፅ እየመረጠ ነበር።

ፀዲን ቧንቧው ጋ ይዤ «እግርሽን ጠብቂ» አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። «ምን ሰማሽ? ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ዝም ብለሽ ጠብቂ። ነገ ከቤት አትውጪ።»

አቀፈችኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ሰብሪዬ። ለሙጠሊብ በተለይ። በእናትሽ።» ዓይኗ ውስጥ እንባም ሳቅም አየሁ። ተስፋ ቆርጣለች ብዬ ደመደምኩ። እንግዲህ የሚያድናት የለም፣ ከእኔ በቀር። ያን ቀን ከገባኝ ነገር ሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነበር።

ሐሙስ ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ነፈሰ። አፋችንን አቧራ ሞላው። ሆዴን አመመኝ ብዬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ፤ ውሸትም አልነበረም። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ጫት የጫኑት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ሰፈሩ ገቡ፣ ወንዱ ሁሉ ወደዚያ ሮጠ። ከኋላቸው የሙጠሊብ ነጭ መኪና መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። ፀዲ ትንሽ ቦርሳዋን ይዛ ግቢው መሃል፣ ምንጣፉ ላይ ቆማለች። ምንጣፉ ከክፍላችን ለምን እንደወጣ፣ ከሥሩስ ለምን እንዳበጠ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም።

ጋሽ ጉታ በሩን በጎኑ አልፎ ወጣ። ዓይኑ ደም ለብሷል። «ስልኬን!» ብሎ ጮኸ። «ሌባ! ስልኬን ሰርቀሽ ልትሄጂ ነው?»

«እኔ አልወሰድኩም! በእግዚአብሔር!»

ስልኩ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ እናቴ ትራስ ሥር ነው፣ ጠዋት አይቼዋለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አልደረስኩም። ፀዲን ከወገቧ ይዞ ከራሱ በላይ አነሳት። ነጠላዋ በነፋሱ ተወሰደ። ከዚያ ወረወራት። መሬቱ ጓ አለ። እግሯን ይዞ ጠመዘዘ፣ ጉልበቱን አሳረፈበት፣ ያ ድምፅ መጣ፤ ቀጭ።

የፀዲ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማስመሰል መሆኑን አውቄም አልወጣም። እናቴ ደረቷን እየደቃች «ገደላት! ልጅቷን ገደላት!» ትላለች። ማማ ዓዚዛ በሶማልኛ ትራገማለች። ሙጠሊብ ከመኪናው ወርዶ ጎንበስ አለ፣ እግሯን በጣቱ ነካ፣ ፀዲ እንደገና ጮኸች። ፊቱ ተኮሳተረ። እኔ ከዚያ በላይ አላየሁም፤ እየሮጥኩ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያው ከገበያው ማዶ ነው። ጫማ አላደረግኩም፣ አስፋልቱ እግሬን ይፈጀኛል። ትምህርት ቤት በተማርኩት ፈረንሳይኛ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ ሦስት ነገር ተናገርኩ። አንድ ሰው የሴት እግር ሰበረ። ጉታ ይባላል። ወረቀት የለውም።

ሦስተኛውን ማንም አልጠየቀኝም። ቤታችን ውስጥ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ስለ ወረቀት ስለነበር፣ ፖሊስ ከተቀመጠበት የሚያስነሳው ይሄ ነው ብዬ ጨመርኩት። እውነትም ተነሱ።

ሁለት ፖሊሶች ይዤ ስመለስ ሙጠሊብ አልሄደም ነበር። መኪናው በር ላይ ተደግፎ እያሰበ ነው። አልተዋጠለትም፤ ብዙ ዓይነት ውሸት ያየ ሰው ነው። ጋሽ ጉታ ቀና ሲል መጀመሪያ ፖሊሶቹን፣ ከዚያ የአንዱን እጅጌ የያዝኩትን እኔን አየ። ያን ፊት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቁጣ አልነበረም። የደከመው ሰው ፊት ነበር። ከዚያ በቅጽበት ጠፋ፣ ያ የዓርቡ ክፉ ሰውዬ ተመለሰ።

«አንተ ነህ ይቺን ልጅ የሰበርካት?» አለው ፖሊሱ።

«አዎ» አለ ጋሽ ጉታ፣ ሙጠሊብ በደንብ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ሌባ ናት። ደግ አደረግኩ።»

ሙጠሊብ ምራቁን ተፋ፣ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሄደ። ዳግመኛ ግቢያችን አልመጣም። ጨዋታ ነው ብሎ የጠረጠረውን ሰው ያሳመነው የእኔ ፖሊስ ነው። ጋሽ ጉታ «ማስመሰል ነው» የሚሉ ሁለት ቃላት ቢናገር የወረቀቱ ጉዳይ ባይቀር እንኳ የፀዲ እግር ጉዳይ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ግን ሙጠሊብ እየሰማ፣ ሙጠሊብ ከሄደ በኋላም ሰፈሩ ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቦ እየሰማ፣ ምን ብሎ ይናገር? ለሙጠሊብ ወሬ የሚያቀብል በየቤቱ ነበር። ማማ ዓዚዛ ፀዲ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ «ይቺ የእኔ ሠራተኛ ናት» ስትላቸው ፖሊሶቹ እሷን ተዉአት። ጋሽ ጉታን ግን ወረቀት ጠየቁት።

ሲወስዱት በአጠገቤ አለፈ። እፍኝ አሸዋ ዘግኜ ፊቱ ላይ በተንኩት። «ክፉ!» አልኩት። «ክፉ ሰው!» ሰፈሩ ሁሉ ከእኔ ጋር ጮኸበት። እሱ ዓይኑን እንኳ አልጠረገም፣ እጁ ታስሮ ነበር። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች፤ ለፀዲ ደንግጣ መሰለኝ።

በሳምንቱ በደወሌ ድንበር በኩል ወደ አገር ቤት መለሱት።

ፀዲ አንድ ወር እግሯን በጨርቅ ጠምጥማ አነከሰች። ጨርቁ ቀኝ እግሯ ላይ ሆኖ አንዳንድ ቀን በግራዋ ታነክስ ነበር፤ ሕመም ከእግር እግር የሚዛወር መስሎኝ አዘንኩላት። ከዚያ አንድ ቤተሰብ ጋ አዳሪ ሠራተኛ ሆና ገባች። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም። ፖሊስ ማን እንደጠራም አላነሳችም። ቴሌቪዥን ላይ ካች ሲመጣ ግን ተነስታ ወደ ክፍላችን ትገባለች። እሷና ጋሽ ጉታ ከኢድ በኋላ ኒካህ ሊያስሩ ቀን ቆርጠው እንደነበር፣ ለእሱ የገዛችለትን ሸሚዝም ለሌላ ሰው እንደሰጠችው ማንም አልነገረኝም። እኔ የማውቀው ዳቦ የሚያመጣልን ሰው እንደቀረ ነው። እናቴ ሌላ አላገባችም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ እያለ፣ ሮዲ ፓይፐር መሞቱን ሰማሁ። ቀበቶውን ሳያገኝ ሞተ። አለቀስኩ፣ ለምን እንደማለቅስም አላወቅኩም።

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ፀዲ ናት፤ ባለፈው ወር፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ። አሥራ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ጠቅልላ አገሯ መግባቷ ነበር፣ እኔም ልሸኛት ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ ድሬዳዋ ላይ ወርዳ ጋሽ ጉታን እንደምታየው ነገረችኝ።

«ምን ልታደርጊ?» አልኳት። «ያን አረመኔ?»

ፀዲ ትክ ብላ አየችኝ። «እስካሁን አልነገሩሽም?» አለች። «እናትሽ አልነገረችሽም?» ጋሽ ጉታ ነበር ታስሮ ሳለ እናቴን በአላህ ስም ያስማላት። ልጅቷ ደግ ሠርታለች፣ ከዚህ ሌላ እንዳታውቅ ብሎ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰልፉ በላዬ አለፈ። ፀዲ የጋሽ ጉታን ቁጥር ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችው።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለ። ድምፁ አርጅቷል። ከኋላው የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ሰብሪና ነኝ። የሩቅያ ልጅ።»

«ሰብሪ! አንቺ ልጅ፣ አደግሽ አይደል አቦ! እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ጋሽ ጉታ፣ ፀዲ ሁሉንም ነገረችኝ። ፖሊስ የጠራሁብህ እኔ ነኝ። ወረቀት የለውም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«የምን ይቅርታ ነው? ሰው ሲመታ አየሽ፣ ሮጠሽ ሰው ጠራሽ። ትልልቁ ሰው ቆሞ ሲያይ አንቺ ነሽ የሮጥሽው። ደግ አደረግሽ።»

«አልመታሃትም እኮ! ጣውላ ነው የሰበርከው።»

«የምን ጣውላ? ፀዲ መልካም ልጅ ስለሆነች ልትሸፍንልኝ ነው። ተናድጄ ነበር፣ መታኋት፣ ሰበርኳት። አለቀ። አንቺ ያየሽውን ነው ያየሽው፣ ማንም እንዳያሳስትሽ።»

ባቡሩ በሮቹን ከፈተ፣ ሰው መጋፋት ጀመረ።

«ለመሆኑ» አለ ጋሽ ጉታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እግሯ ዳነላት?»

ፀዲ ያንን ከባድ ሻንጣ ራሷ ላይ ተሸክማ የባቡሩን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወጣለች።

«ዳነላት፣ ጋሽ ጉታ» አልኩት።